ባለቤት እያለው ጠያቂ ያጣ ንብረት
ስለ ተተዉ ተሽከርካሪዎች ሕግ አጭር ታሪክ

ሰው ንብረቱ ሲጠፋበት ያዝናል፤ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ለፖሊስ ያመለክታል። ንብረት ግን ባለቤቱ ሲጠፋበት የሚያመለክትለት የለውም። ዝም ብሎ ይቆማል፤ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፤ በመጨረሻም የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ የሁሉ ችግር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ዓይነቱ ንብረት አንዱን፣ ይኸውም በየመንገዱ ዳርና በየግቢው ቆሞ የቀረውን ተሽከርካሪ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን ሕግ ስለ ባለቤትነትና ስለ ኃላፊነት ምን እንደሚያስብ ከዚህ ይበልጥ ገልጦ የሚያሳይ ጉዳይ ጥቂት ነው።

እኔ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው አቅጣጫ ባለ አንድ መንደር ውስጥ፣ አንዲት ላዳ ከግንብ አጥር ሥር ተጠግታ ለብዙ ዓመታት ቆማ ነበር። ባለቤቷ ወደ ውጭ አገር የሄደ የመንደሩ ልጅ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ጎማዎቿ ተነፈሱ፤ ቀጥሎ ባትሪዋ ጠፋ፤ ከዚያም መስኮቷ ተሰብሮ የሰፈር ልጆች መጫወቻ ሆነች። አንድ ክረምት ከሥሯ የተጠራቀመው ጥራጊ የጎርፉን መውረጃ ስለ ደፈነው ውሃው አቅጣጫውን ለውጦ ከአንዲት ባልቴት ቤት ገባ፤ እህላቸውንና አልጋቸውን አበላሸ። የዕድሩ አባላት ተሰብስበው መኪናዪቱን ገፍተው ከመንገድ ለማውጣት በተነሡ ጊዜ አንድ አዛውንት፦ «የሰው ንብረት ነው፤ ነገ ባለቤቱ መጥቶ ማን አዘዛችሁ ቢለን ምን እንመልሳለን?» ብለው አስቆሟቸው። ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ፤ የግል ንብረት ስለ ሆነ አይመለከተንም ተባሉ። ወደ ሌላ ቢሮ ሄዱ፤ መኪናዪቱ ካልተንቀሳቀሰች ጥፋት የለባትም ተባሉ። ባልቴቲቱም ይህን ሲሰሙ፦ «እርሷ ስላልተንቀሳቀሰች ጥፋት ከሌለባት፣ ጥፋተኛው መሸሽ ያልቻለው የእኔ ቤት ነዋ!» አሉ።

አዛውንቱና ባልቴቲቱ የተናገሩት ቃል በጥሞና ሲመረመር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን የያዘ ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ «ንብረቱ የማን ነው?» የሚል ሲሆን፣ የባልቴቲቱ ጥያቄ ግን «ስለ ንብረቱ የሚጠየቀው ማን ነው?» የሚል ነው። የተተወ ንብረት ሕግ ታሪክ በጠቅላላው ከመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ሁለተኛው የተደረገ አዝጋሚ ጉዞ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ይህንም ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

የጠፋ ከብትና የተጣለ ዕቃ

አውቶሞቢል ከመምጣቱ አስቀድሞ በአገራችን ሰውንና ጭነትን የሚያጓጉዙት በቅሎ፣ ፈረስ፣ አህያና ግመል ነበሩ። እንስሳ ከባለቤቱ ሲለይ በእግሩ ይሄዳል፤ ይበላል፤ ይጮኻል፤ ስለዚህም ያየው ሰው ሁሉ የጠፋ መሆኑን ያውቃል። በዚህም ምክንያት የጥንቱ ሥርዐት አብዝቶ ያሰበው ስለ ጠፋ ንብረት እንጂ ስለ ተተወ ንብረት አልነበረም። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሕግ የወንድሙን በሬ ወይም በግ ባዝኖ ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ እንዳያልፍ፣ ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባይታወቅ ግን ወደ ቤቱ ወስዶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። በገጠሩም ልማድ የባዘነ ከብት ያገኘ ሰው በገበያ ማስለፈፍ ነበረበት። ሌብነት የተጠረጠረ እንደ ሆነም የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ በአንድነት ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሥርዐት ባለቤቱ ባይገኝም እንኳ ተጠያቂ አይጠፋም ነበር፤ ያገኘው ሰው አለ፤ እርሱ ባይኖር መላው የአገር ሰው አለ።

ስለ ተተወ ንብረት አጥብቀው የተከራከሩት ደግሞ የሮማ የሕግ ሊቃውንት ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት ለሕግ ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ፣ ባለቤቱ የእኔ አይሁን ብሎ አስቦ የጣለውን ዕቃ ያነሣ ሰው ወዲያውኑ ባለቤት እንደሚሆን ተደንግጓል። ነገር ግን በማዕበል ጊዜ መርከብ እንዲቀልል ወደ ባሕር የተጣለ ዕቃ እንደ ተተወ አይቈጠርም፤ ባለቤቱ የጣለው ጠልቶት ሳይሆን ነፍሱን ለማዳን ነውና። እንደዚሁም ከሚሄድ ሠረገላ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ የወደቀ ዕቃ የተተወ አይደለም። ከዚህም በቀር ባለቤትነት የሚያልቀው ዕቃው በተጣለበት ቅጽበት ነው ወይስ ሌላ ሰው ባነሣው ጊዜ ነው በሚለው ነገር ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ተከራክረዋል። የክርክሩ ሁሉ መሠረት አንድ ነበር፤ ይኸውም የባለቤቱ ልብ ነው። ልቡ ከተወው ተትቷል፤ ልቡ ካልተወው ግን የትም ቢወድቅ የእርሱ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን ሲገባ

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የደረሱት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእነዚህም አንዷ ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣት ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ነበረች። በዚያን ጊዜ ባቡር ከድሬዳዋ ስላላለፈና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ አውቶሞቢሏ የመጣችው የበቅሎና የግመል መንገድ ተከትላ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር በጥቂቶች እጅ በነበረበት ዘመን ባለቤቱን የማያውቅ ሰው ስለማይኖር መዝገብ አላስፈለገም፤ አንድ አውቶሞቢል ቢቆም የማን እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃልና።

ነገሩ የተለወጠው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ለጦሩ ስንቅና መሣሪያ ማጓጓዣ እጅግ ብዙ ካሚዮኖች ወደ አገሪቱ ገቡ። ዛሬ ስለ ተሽከርካሪ ስንነጋገር የምንጠቀምባቸው ቃላት ከዚያ ወገን መምጣታቸውን ልብ ያለው ይገነዘባል። መኪና፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ብቻ ሳይሆኑ፣ ሕጉ ባለቤትን የሚያውቅባቸው ምልክቶች ጭምር ስማቸው የውጭ ነው፤ ታርጋ ማለት በጣልያንኛ ሰሌዳ፣ ቦሎ ማለት ማኅተም ነው፤ ሊብሬም መጽሐፍ ወይም ደብተር ከሚለው ከዚያው ወገን ቃል የወጣ ነው። ሰሌዳ፣ ማኅተምና ደብተር! የበቅሎ ባለቤት በመልኩ ይታወቅ ነበር፤ የመኪና ባለቤት ግን በወረቀቱ የሚታወቅበት ዘመን መጣ።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል በተመታ ጊዜ አያሌ ካሚዮኖቹ በየመንገዱና በየሠፈሩ ቀሩ። በአገራችን ታሪክ ብዙ ተሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ባለቤት አልባ ሆነው የታዩበት ጊዜ ይህ ነው። ዳሩ ግን ጉዳዩ የታየው በንብረት ሕግ አልነበረም፤ በጦርነት ሕግ የጠላት መንግሥት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለያዘው ጦር ምርኮ ስለሚሆን፣ የእንግሊዝ ጦር ከተሽከርካሪውም ከማሽኑም ብዙውን የጦር ምርኮ ነው በማለት ወሰደ፤ ይህም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አለመግባባትን አስከተለ። ከዚህ የምንረዳው ትምህርት አለ፤ ባለቤት የሌለው ንብረት በተገኘ ጊዜ የራሱን ሕግ አስቀድሞ ያላዘጋጀ አገር፣ ንብረቱን የሚያነሣው ሌላው ይሆናል።

የነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ የመንገድ፣ የትራንስፖርትና የተሽከርካሪ ምዝገባ ድንጋጌዎች ተራ በተራ ወጡ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መንገዱ ሲረዝም መኪናው በዛ፤ መኪናው ሲበዛ ደግሞ የሚበላሸውና ቆሞ የሚቀረው አብሮ በዛ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ምን አለ?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የሮማውያኑ አሳብ በእርሳቸው በኩል ወደ እኛ ሕግ ገብቷል ማለት ይቻላል። ስለ ንብረት የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ የጸና ነው።

በቁጥር 1151 እንደ ተደነገገው፣ ባለቤት የሌለውን ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሱ ለማድረግ አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት ይሆናል። ከቁጥር 1154 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ደግሞ ወድቆ የተገኘ ዕቃ ያገኘ ሰው የማስታወቅና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ያመለክታሉ። እዚህ ላይ የገበያው ልፈፋና የኦሪቱ ትእዛዝ በአዲስ ልብስ ተመልሰው መጥተዋል። ስለ ባለቤትነት መቅረት በቁጥር 1191 እና 1192 የተነገረው ግን ለያዝነው ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ነው። ባለቤቱ መብቱን መተዉን በማያሻማ ሁኔታ ካሳየ ባለቤትነቱ ይቀራል፤ እንደዚሁም ዕቃው የት እንዳለ ወይም የእርሱ መሆኑን ባለማወቁ ምክንያት 10 ዓመት ሙሉ መብቱን ሳይሠራበት የቀረ እንደ ሆነ ባለቤትነቱን ያጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ቀስ ብለህ ተመልከተው። ባለቤትነቱን በ10 ዓመት የሚያጣው ያላወቀ ሰው ነው። መኪናዬ ከእናቴ አጥር ሥር ቆማለች ብሎ የሚያውቅ ሰው፣ 10 ዓመት ቀርቶ 20 ዓመት ቢረሳት በዚህ አንቀጽ ባለቤትነቱን አያጣም። ዝምታም ብቻውን የማያሻማ መተው አይደለም። እንግዲህ በመንደራችን የቆመችው ላዳ፣ ምንም እንኳ ጎማዋ ቢተነፍስና ሣር ቢበቅልባት፣ በሕግ ፊት እንደ ተገዛችበት ቀን የባለቤቷ ነበረች። አዛውንቱ ሕግ ሳይማሩ የተናገሩት ቃል ከሕጉ ጋር የተስማማ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ያለ ጥብቅ ጥንቃቄ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በእስራት፣ በስደት፣ በሕመም ወይም በችግር ከንብረቱ ሊለይ ይችላል። ዝምታው እንደ መተው ከተቈጠረ፣ የደከመው ሁሉ ንብረቱ ይነጠቃል። ስለዚህ ሕጉ ለባለቤቱ ያደላው ለደካማው በማሰብ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ለባለቤቱ መብቱን ብቻ ሰጥቶ አልተወውም። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል፣ በቁጥር 2081፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ የደረሰው እንዲነዳው ባልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ከዚህ የሚድነው በዚያን ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። አንድ ልጅ የቆመችውን መኪና ፍሬን ለቅቆ ቁልቁል ብትወርድና ሰው ብትጎዳ፣ ባለቤቷ ውጭ አገር ነበርሁ ብሎ አያመልጥም ማለት ነው። ባለቤትነት እስካለ ድረስ ኃላፊነትም አለ፤ ችግሩ ይህ ኃላፊነት የሚነቃው ጉዳት ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

ልብ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ፊርማ

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ወዲህ የወጡ ሌሎች ሕጎች የተተወ ንብረትን በሌላ ሚዛን መመዘን ጀመሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚዛን፣ እንደ ተመለከትነው፣ የባለቤቱ ልብ ነው።

የጉምሩክ ሕግ ሚዛን ግን ቀን ነው። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 እንደ ተመለከተው፣ በጉምሩክ መጋዘን የገባ ዕቃ፣ ተሽከርካሪም ቢሆን፣ ሥርዐቱ ተፈጽሞ በተወሰነው ጊዜ ካልወጣ እንደ ተተወ ይቈጠራል፤ በሐራጅ ይሸጣል ወይም በሌላ መንገድ ይወገዳል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ምን አስቦ ነበር ብሎ የሚመረምር የለም፤ ቀኑ ይቈጠራል፤ ነገሩም ያልቃል።

የትራፊክ ሕግ ሚዛን ደግሞ ቦታ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208ም ሆነ እርሱን የመሰሉ ደንቦች የሚመለከቱት ተሽከርካሪው መንገድ መዝጋቱንና ሌላውን ለአደጋ ማጋለጡን ነው። በዋናው ጎዳና ላይ፣ ለምሳሌ ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ መካከል የቆመ መኪና ብዙ ሳይቆይ ይነሣል፤ በመንደር ውስጥ ከአጥር ሥር የተጠጋው ግን ማንንም መንገደኛ ስለማያግድ ዓይን አይገባም።

ምዝገባውም የራሱ ድርሻ አለው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ እንዴት እንደሚከናወን ወስኗል። ለብዙ ዓመታት በሠራንበት የታርጋ አሠራር ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት መሆኑን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁት ነበር። ዳሩ ግን መዝገብ የሚናገረው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንጂ ባለቤቱ ዛሬ የት እንዳለ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራም የሚጠይቀው የሚሄደውን መኪና ነው፤ የቆመው መኪና ቦሎ ስለማያስፈልገው ከመዝገቡ ዓይን ይሰወራል።

አራተኛው ሚዛን ፊርማ ነው፤ ስለዚህም በመጨረሻ እንነጋገራለን።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1969 ፊሊፕ ዚምባርዶ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰሌዳ የሌላቸውን ሁለት አውቶሞቢሎች አንዱን በኒው ዮርክ በብሮንክስ ሰፈር፣ ሁለተኛውን በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ አቁሞ ከሩቅ ይመለከት ጀመር። የብሮንክሱን ገና በደቂቃዎች ውስጥ ይፈቱት ጀመር፤ በአንድ ቀን ውስጥም የረባ ዕቃ አልቀረለትም። የፓሎ አልቶው ግን ከሳምንት በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ፤ ዝናብ በጣለ ጊዜም አንድ መንገደኛ ተከፍቶ የነበረውን የሞተር ክዳን ዘጋለት። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉትን ነገር ይህ ፈተና አረጋግጦታል። ጠያቂ የሌለው የመሰለ ንብረት ሰውን ሁሉ ወደ ጥፋት ይጋብዛል፤ ጠያቂ ያለው የሚመስል ንብረት ግን መንገደኛውን ሳይቀር ጠባቂ ያደርጋል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሕግ ተሽከርካሪን በሜዳ ጥሎ መሄድን ወንጀል አደረገ፤ የአካባቢውንም አስተዳደር እንዲያነሣ ግዴታ ጣለበት። የዚህ ሕግ ብልሃት ሁለቱን ጥያቄዎች መለየቱ ነው። የባለቤትነቱ ነገር እስኪጣራ ሳይጠብቅ፣ የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ወሰነ። ጃፓን በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናው አርጅቶ በሚፈርስበት ቀን የሚያስፈልገውን ወጪ ገና ሲገዛ እንዲከፍል አደረገች። ሰው መኪናውን ጥሎ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ማስወገጃው ስለሚከብደው በመሆኑ፣ ወጪው አስቀድሞ ሲከፈል የመጣያው ምክንያት አብሮ ይቀራል።

የእኛ ሁኔታ ግን ከእነዚህ ይለያል። በሀብታሙ አገር መኪና የሚተወው ዋጋ ስለሌለው ነው፤ በእኛ አገር ግን ዋጋ እያለው ይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በመርካቶ በሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና በር፣ መብራትና ሞተር ሁሉ ገዢ አለው፤ የቀረውን ብረት ቁራሌው ይለቅመዋል፤ ፋብሪካ ያቀልጠዋል። እንዲህ ባለ አገር መኪና ቆሞ የሚበሰብሰው የሚፈልገው ጠፍቶ ሳይሆን የሚወስንለት ጠፍቶ ነው። ወራሾች በክርክር ላይ ናቸው፤ ወይም በፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት ተይዞ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ወይም ባለጋራዡ የጥገናውን ዋጋ፣ ባለቤቱ ደግሞ ገንዘቡን ይጠብቃሉ፤ ወይም ደግሞ የመንግሥት ነው።

የመንግሥት ግቢና የእኛ ፊርማ

የመንግሥት ንብረት ባለቤቱ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ሕዝብ ነው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥግ ባሕር ዛፍ ሥር የቆሙትን ተሽከርካሪዎች ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ሕጉ ይህን ሳያስብ አልቀረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ያለ መዘግየት እንዲወገድ ሥርዐት ሠርቶ ነበር፤ ንብረት የሚያስወግድም መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም አሳቡ አልተለወጠም፤ ንብረቱ ይመረመራል፤ ዋጋው ይገመታል፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል ወይም በጨረታ ይሸጣል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፊርማ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። በግቢው ውስጥ አንድ መለዋወጫ ጠፍቶለት የቆመ የመስክ መኪና ነበር፤ መካኒኩ ሞተሩን አይቶ ደኅና ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ኮሚቴው «የጥገናው ዋጋ ይጠና» አለ። በሁለተኛው ዓመት «ግምቱ እንደ ገና ይሠራ» አለ። በሦስተኛው ዓመት «በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይታይ» አለ። በአራተኛው ዓመት መኪናው በኪሎ ተመዝኖ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልዋሸም፤ ቃለ ጉባኤው ሁሉ በሥርዐት የተፈረመ ነው። ያን ቃለ ጉባኤ በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ሳስበው የሚቈጨኝ ያዘገየነው ስለ ሰነፍን አለመሆኑ ነው፤ ስለ ፈራን ነው። የሸጠ ሰው ለምን በርካሽ ሸጥህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሳይሸጥ የቆየ ሰው ግን ለምን አቆየህ ተብሎ አይጠየቅም። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» እንደ ተባለው፣ እኛ የሕዝብ ወኪሎቹ ያቀለልነውን መኪና ገዢው በብረት ዋጋ ወሰደው።

እንግዲህ አራቱን ሚዛኖች በአንድነት ስናያቸው ጉድለቱ ይገለጣል። ልብን የሚመዝነው ሕግ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ጎረቤቱን ግን አይጠብቅም። ቀንን የሚመዝነው ሕግ ፈጣን ነው፤ ከመጋዘን ውጭ ግን አይደርስም። ቦታን የሚመዝነው ሕግ ጎዳናውን ያጸዳል፤ መንደሩን ይረሳል። ፊርማን የሚመዝነው ሕግ ሁሉን አሟልቶ ሳለ የሚፈርም እጅ ይቸግረዋል። እንደ እኔ አሳብ የሚያስፈልገው ባለቤትን በችኮላ መንጠቅ አይደለም፤ እርሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ጥበብ ማፍረስ ይሆናል። የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ለባለቤቱ ወይም ለቤተ ዘመዱ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ቀጥሎ ቀን መወሰን፣ ቀኑ ሲያልፍ መኪናውን የሚያነሣውን ሹም በስሙ ማሳወቅ፣ ከተሸጠም ከወጪው የተረፈውን ገንዘብ ለባለቤቱ በአደራ ማስቀመጥ ነው። በመንግሥት ግቢም የወሰነው ሰው እንደሚጠየቅ ሁሉ ያልወሰነውም ሊጠየቅ ይገባዋል። ያን ጊዜ የአዛውንቱ ጥያቄም የባልቴቲቱ ጥያቄም መልስ ያገኛሉ።

የላዳዋን ፍጻሜ ነግሬ ልደምድም። ከጎርፉ በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ የልጁን አድራሻ ከእናቱ ተቀብለው ደብዳቤ ጻፉለት። ወር ሳይሞላ ለእኅቱ ውክልና ላከ፤ እርሷም መኪናዪቱን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሸጣ፣ ከገንዘቡ ላይ መውረጃውን አስጠርጋ ለባልቴቲቱ የተበላሸውን ከፈለች። ልጁ ከውክልናው ጋር በላከው ወረቀት ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ አንድ ቃል ጨምሮ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ስትቆም ስለ መኪናዪቱ የጠየቀው አንድም ሰው እንዳልነበረ። ጸሐፊው ወረቀቱን በስብሰባው ላይ ሲያነቡ ሁላችንም ዝም አልን፤ በየቀኑ በአጠገቧ እናልፍ የነበርነው እኛ ነበርንና።